ጢስ አጥር አያውቅም

ጢስ አጥር አያውቅም። ሰው በእንጨትና በሽቦ የከለለውን ወሰን ሳያስፈቅድ ይሻገራል፤ የጎረቤትን ማዕድ ወሬ በአፍንጫ በኩል ያደርሳል። አገር ቤት ሳለን የማን ቤት ቡና እንደተቆላ፣ የማን ቤት በርበሬ እንደታመሰ፣ ማን ለጠላ ጋኑን እንዳጠነ የምናውቀው በጢሱ ነበር። እዚህ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ በምኖርበት ሰፈር ደግሞ በጋ ሲገባ አየሩን የሚሞላው የሂኮሪ እንጨት ጢስ ነው።

ጢስን ያነሣሁት ስለ ሌላ ነገር ለመናገር ነው፤ ስለማይበላ ምግብና ስለማይተው ጎረቤት።

ከአጥሬ ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ትውልዳቸው ከሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል ነው፤ ባርቤኪው ሲባል ሙሉ ዓሣማ በፍም ላይ በዝግታ በስሎ፣ በኮምጣጤና በቃሪያ የሚቀመምበት አገር። እሳቸውም ይህን ሙያ ከአባታቸው ወርሰዋል። በየበጋው ጓሯቸውን ለሰፈሩ ይከፍታሉ። ዋናው ሥጋ እስኪደርስ ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ እንግዳው እየራበው እንዳይቆም ትንንሽ ጉርሻዎችን አስቀድመው ያዞራሉ። ከሁሉም የታወቁበት ሃላፔኞ የሚባለው የሜክሲኮ ቃሪያ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ክሪም ቺዝ ተሞልቶ፣ በስሱ በተቆረጠ ቤከን ተጠቅልሎ በጢስ የሚበስለው ነው። ቤከን ማለት የዓሣማ የሆድ ሥጋ ነው፤ በጨው፣ በስኳርና በናይትራይት ታሽቶ ከሰነበተ በኋላ በጢስ ይታጠናል። ስቡ ቀልጦ ቃሪያውን ሲያርሰው ሽታው ሦስት ቤት አልፎ ይሄዳል። እኔና ቤተሰቤ ለስድስት በጋ ያህል በዚያ ሽታ መካከል ተቀምጠን በቆሎና ሐብሐብ በልተናል።

ጎረቤቴ ለምን አትበሉም ብለው አልጠየቁም፤ እኛም አላስረዳንም። «ጠግበናል» የሚለው ቃል በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ተጋባዥ የቀረበለትን ሲገፋ፣ ጋባዥ የተገፋበትን ሲያነሣ፣ በመካከላቸው አንዳች ነገር ሳይነገር ይቀራል። ያ ያልተነገረው ነገር ከዓመት ወደ ዓመት ሲሻገር እንደ ጢስ ጥቀርሻ ይደራረባል።

የልጄ ነገር ግን የተለየ ነበር። እርሷ በዚህ ሰፈር ያደገች ናት። ከጎረቤቴ የልጅ ልጅ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ውላ፣ አንድ ጓሮ ተጫውታ፣ ትሪው ሲዞር ከሌሎቹ ልጆች ጋር እጇን ትሰድድ ነበር። እኔ አይቻለሁ፤ እናቷም አይታለች። ሁለታችንም በዚህ ነገር ላይ ተነጋግረን አናውቅም።

ባለፈው ዓመት ልጄ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ጨረሰች። እናቴ ለምረቃው ከደብረ ብርሃን መጣች፤ ድግሱም በእኛ ጓሮ እንዲሆን ቀኑ ለሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ተቆረጠ። ጎረቤቴ ይህን እንደሰሙ አጥሩ ድረስ መጥተው፣ «የጢሱን ሥራ ለእኔ ተውት፤ ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትወደውን እሠራላታለሁ» አሉኝ። የምትወደው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

በዚያች ቅጽበት ስድስት ዓመት ሳይነገር የኖረውን ነገር መናገር ግድ ሆነ። ከተጋበዙት አርባ ያህል እንግዶች አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች እንደሆኑ፣ ከመካከላቸው ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም እንዳሉ፣ ሁለቱም ወገኖች የዓሣማ ሥጋ እንደማይበሉ ነገርኳቸው። ነገሩን ሳስበው ፈገግ ያሰኘኛል። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ዓሣማን በመተው ግን አንድ ነን። አብረን የማንበላው ከሚያገናኙን ነገሮች አንዱ ነው ማለት ነው።

ጎረቤቴ በቤተ ክርስቲያናቸው ዲያቆን ናቸው። ባፕቲስቶች ዲያቆን የሚሉት እንደእኛ በቅዳሴ የሚያገለግለውን ሳይሆን ምእመናኑን የሚያስተባብር ሽማግሌን ነው፤ ይሁንና መጽሐፍ ቅዱሱን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ሳቅ እያሉ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ላይ ያለውን የጴጥሮስን ራእይ አነሡብኝ፤ በኢዮጴ ከተማ፣ በሰገነት ላይ ሲጸልይ ተርቦ፣ ከሰማይ የወረደ ታላቅ ጨርቅ፣ በውስጡም ሁሉ ዓይነት እንስሳ፤ ተነሥና ብላ የሚል ድምፅ። እኔም የእኛ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሰጡትን መልስ ሰጠኋቸው። ጴጥሮስ ራሱ ራእዩን ሲፈታው የተናገረው ስለ ሥጋ አይደለም፤ ስለ ሰው ነው። ከቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ፣ ማንንም ሰው ርኩስ ብሎ መጥራት እንደማይገባ እግዚአብሔር እንዳሳየው ነው የመሰከረው።

ጥቂት ዝም አሉና፣ «ስለ ሰው ከሆነማ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ» አሉ። ቀጥለውም ያልጠበቅሁትን ታሪክ አወሩኝ። ታናሽ ወንድማቸው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እስልምናን ተቀብለው ዓሣማ መብላት አቆሙ። ለአንድ የሰሜን ካሮላይና ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ጎመኑም ባቄላውም የሚቀቀለው በዓሣማ ሥጋ ነውና። አባታቸው ተቆጡ። እናታቸው ግን ምንም ሳይናገሩ አዲስ ድስትና አዲስ መጥበሻ ገዝተው ለብቻው ሰቀሉት። «ወንድሜ በሞተ ጊዜ ያ መጥበሻ ለእኔ ደረሰኝ» አሉ። ከዚያም የበሬ ቤከን እንዴት እንደሚጠቀለል እርሳቸው እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን እንደ ዓሣማው ይጣፍጣል ብለው ሊዋሹኝ እንደማይችሉ አስጠንቅቀውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ።

የበሬ ቤከን የሚሠራው ከበሬው የሆድ በታች ሥጋ ሲሆን አስተሻሸቱም አስተጣጠኑም ከዓሣማው ጋር ይመሳሰላል። ሙስሊም ወዳጆቼም እንዲበሉት ከሐላል ሥጋ ቤት ገዛሁት። ጎረቤቴ ደግሞ ለእኛ ጓሮ የሚሆን አዲስ ፍርግርግ ይዘው መጡ። የእርሳቸው ብዙ ዓመት የዓሣማ ስብ የጠጣ ነውና፣ ቢታጠብ እንኳ የእናቴ ልብ እንደማይቀበለው ሳልነግራቸው አውቀውታል። እናታቸው ያንን መጥበሻ ለብቻው ሰቅለው ያሳደጉት ሰው ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያሻውም።

ሐሙስ ዕለት ለሙከራ እሳት አነደድን። ያን ቀን ከጎረቤቴ የተማርሁት ነገር አለ። ከእሳት የሚወጣ ጢስ ሁሉ አንድ አይደለም። እንጨቱ በደንብ ሳይቀጣጠልና አየር ሲያጥረው የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጢስ ምግቡን ያመርረዋል፤ የሚፈለገው ለዓይን የማይታይ እስኪመስል የሳሳው፣ ሰማያዊ መልክ ያለው ጢስ ነው። ጢሱ ይበልጥ የሚይዘው በቀዝቃዛና እርጥብ ገጽ ላይ ስለሆነ ቃሪያው ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ቢገባ ይመረጣል። እንጨቱ ሙጫ የሌለው መሆን አለበት፤ ጥድ አይሆንም። ሂኮሪ ኃይለኛ ነው፤ የፖም እንጨት ለስላሳ ነው። ለበሬው ፖሙን መረጡ። ለትልቅ ሥጋ የሚለመደው 107 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያህል ነው፤ በዚያ ሙቀት ግን ቤከኑ ሳይቆላ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ስለዚህ እሳቱን ወደ 135 ከፍ አድርገው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አቆዩት። የበሬ ስብ የሚቀልጠው ከዓሣማ ስብ በላቀ ሙቀት ሲሆን ሲቀዘቅዝም ፈጥኖ ይረጋል፤ በላንቃም ላይ ይለጠፋል። «ይህ ምግብ ትኩሱን ካልተበላ አይበላም፤ ቅዳሜ ዕለት እግርህን አዘጋጅ» አሉኝ።

እናቴ ከወንበሯ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ስትመለከት ቆየች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ጢስ ግን ታውቃለች። የወተት ቅል በወይራ ሳይታጠን እርጎ የለም፤ ጋን ሳይታጠን ጠላ የለም፤ ቋንጣውም ከማጀቱ ጢስ በላይ ተሰቅሎ ነው ለክረምት የሚደርሰው። ነጩ ጢስ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ጎረቤቴ ገና ሳይናገሩ፣ «አሁን ደረሰ» አለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ሳሎን ገባች፤ ከዓመታት በፊት ራሷ የላከችልንንና እኛ ለጌጥ ከግድግዳ ላይ የሰቀልነውን ቅል አውርዳ፣ አጥባና አድርቃ ይዛ መጣች። ከፖሙ እንጨት ጫፉ የጋመ ስንጥር ለመነች። በቅሉ አፍ አስገብታ እያገላበጠች ጢሱን አጠጣችው፤ ከሰሉን አራግፋ በንጹሕ ጨርቅ ወለወለችው። በዚያው ምሽት ወተትና የእርጎ እርሾ ጨምራ ከደነችው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዓመት ጰራቅሊጦስ የዋለው ሰኔ 1 ቀን ነበር፤ የሐዋርያት ጾም በማግሥቱ ገብቷል። እናቴ እስከ ሐምሌ 4 ድረስ ወተት አትቀምስም። ያን እርጎ ያረጋችው ለራሷ አልነበረም። ጾሙ ከአንድ ክርክርም አድኖናል፤ የሐላሉን ሥጋ ትበያለሽ አትበዪም ብሎ የሚጠይቃት ሰው አልነበረምና።

ልጄ የኮሌጅ ዕቃዋን እየሸከፈች ሳለ ነው ያስጨነቃትን ነገር ያወጣችልኝ። አያቷን እያታለለች እንደምትኖር ሆኖ ተሰምቷታል። «እውነት ርኩስ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ አፄ ገላውዴዎስ ነገርኳት። በ1555 እ.ኤ.አ. ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን የአይሁድን ሕግ ትከተላለች ብለው በነቀፉ ጊዜ ንጉሡ የሃይማኖታቸውን መግለጫ ጻፉ። ስለ ሰንበትና ስለ ግዝረት ከመለሱ በኋላ ስለ ዓሣማ ሥጋም መለሱ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ የምንተወው እንደ አይሁድ በኦሪት ሕግ ታስረን አይደለም፤ የሚበላውን አንጸየፍም፣ አናረክስም፤ የማይበላውንም ብላ ብለን አናስገድድም። መሠረታቸውም ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው ነበር። ይህን የጻፉት ከግራኝ አህመድ ጦርነት የተረፈች አገር ይዘው፣ ከውጭ በመጡ መምህራን ፊት የአባቶቻቸውን እምነት ሲከላከሉ ነው። ልማዳቸውን አልተውም፤ በልማዳቸውም ሌላውን አልኮነኑበትም።

ልጄ አሰበችና፣ «እማማ ግን ንጉሥ አይደለችም» አለች። እውነቷን ነው። በመግለጫ የተጻፈና በማጀት የሚኖር ሁለት ነገር ነው። የአገሬ ሰው ዓሣማን የሚጸየፈው መጽሐፍ አገላብጦ አይደለም፤ ከእናቱ ጡት ጋር የጠጣው ነገር ሆኖበት ነው።

ዓርብ ማታ ሦስት ትውልድ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ስልሳ ቃሪያ ሰነጠቅን። የቃሪያው ማቃጠያ ይበልጥ የሚገኘው ፍሬው ውስጥ ሳይሆን ፍሬው በተያያዘበት ነጭ ሥር ላይ ነው፤ እርሱን በማንኪያ ጫፍ ፍቆ ማውጣት ያሻል። ክሪም ቺዙን ከነጭ ሽንኩርትና ከጥቂት ሚጥሚጣ ጋር ለወስነው። እናቴ የመጀመሪያውን ቃሪያ አንሥታ አገላብጣ አየችና፣ «ይህማ ስንግ ነው!» አለች። በዚያው ቅጽበት ለጿሚዎቹ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም መክተፍ ጀመረች፤ ሎሚና ዘይት ጨምራ የራሷን ትሪ ልትሞላ። ከዚያ በኋላ አንደኛው ጫፍ ላይ ቺዝ፣ በሌላኛው ሽንኩርት እየሞላን፣ ቤከኑን እየጠቀለልን ስቴኪኒ ስንወጋ ቆየን።

ልጄ ቀና ሳትል፣ «እማማ፣ እኔ የዓሣማውን እበላለሁ። እዚያ ማዶ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ» አለች።

የእናቴ ቢላዋ ቆመ። ወደ እኔ አየች፤ ዓይኔን አልመለስሁም። ውጭ የመኪና ድምፅ አለፈ። ብዙ ከቆየች በኋላ፣ «ጎረቤትሽ ነው ያበላሽ?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ።»

«ሳትለምኚው?»

«ሳልለምነው።»

እናቴ ከተፋውን ቀጠለች። ደስ አላላትም፤ ደስ እንዳላላትም ለመደበቅ አልሞከረችም። ሽንኩርቱን ጨርሳ፣ እጇን በመሐረቧ ጠርጋ፣ ከጎኗ የነበረውን የሽሮ ሳሕን ወደ መካከል ሳበችው። እስከዚያ ሰዓት እህል አልቀመሰችም ነበር። «እጅሽን ታጠቢና ነዪ» አለቻት። ልጄ ታጥባ ስትመለስ፣ «በዪ፣ አጉርሺኝ» አለች። ልጄ አጎረሰቻት። እናቴ ጉርሻውን ተቀብላ በዝግታ አላመጠች፤ ከዚያም፣ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች። ሁለተኛውንም ተቀበለች። ስለዚህ ነገር በዚያ ሌሊት ሌላ ቃል አልተነገረም። ከዚያም ወዲህ አልተነገረም።

በቅዳሜው ድግስ ሁለት እሳት ነደደ። ጎረቤቴ ለራሳቸው እንግዶች በራሳቸው ጓሮ የዓሣማውን ሠሩ፤ የበሬው በእኛ ጓሮ በአዲሱ ፍርግርግ ላይ ተሠራ፤ በመካከል ያለችው የአጥር በር ቀኑን ሙሉ ተከፍታ ዋለች። ከወሎ የመጣ ሙስሊም ወዳጄ ትሪው ፊቱ ሲደርስ ስለ አራጁ ጠየቀኝ፤ ከማሸጊያው ላይ ያለውን የሐላል ምልክት አሳየሁትና በላ። ባደገበት አገር ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ፣ ድስቱንም ሳሕኑንም ለይቶ ማሰናዳቱ የቆየ ወግ ነው። ለይቶ ማብሰል እዚያ የመራራቅ ምልክት አይደለም፤ በአንድ ዳስ ለመዋል የሚከፈል ዋጋ ነው። የጎረቤቴ እናትም በሰሜን ካሮላይና ያንን መጥበሻ ለብቻው ሲሰቅሉ ይህንኑ ወግ ማንም ሳይነግራቸው ደርሰውበት ነበር።

መቶ ሃያውም ግማሽ ቃሪያ ትኩሱን እንዲበላ እግሬ እስኪዝል ሮጥሁ። የእናቴ ስንግ ግን ቀድሞ አለቀ፤ ከጿሚዎቹ ይልቅ ያልጾሙት ጨረሱት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ ቅሉን ይዛ በተከፈተችው በር ወደ ማዶ ተሻገረች። ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። እርጎውን በብርጭቆ ቀድታ በሁለት እጇ ለጎረቤቴ ሰጠቻቸው። ጎረቤቴ ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንደገና ቀመሱ። «ይህ የእኔ ፖም ነው!» አሉ። ልጄ በመካከላቸው ቆማ ታስተረጉማለች።

«የእርስዎ ነው» አለች እናቴ፤ «ወይራ ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ነበር።»

ልጄ እዚህ ላይ ቆመች። ወይራን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት ጠፋባት። ወደ እኔ ዘወር ልትል አለችና ተወችው፤ ጥቂት አስባ፣ የኖኅ ርግብ በአፏ ይዛ የመጣችው ቅጠል ዛፍ ነው ብላ ነገረቻቸው።

ጎረቤቴ ወዲያው ገባቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብርጭቆውን አጋመሱ፤ ከዚያም ወደ እናቴ ጠጋ ብለው፣ «እሱ እንጨት ለሥጋ ጢስም ይሆናል ወይ? ብለሽ ጠይቂልኝ» አሏት።